ሽማግሌዎቹን የቀደመው ፖስት

ከሸቤ ስልክ ሲደወል ስለ ጠፋ የቤት ካርታ እየጻፍኩ ነበር። ባለቤቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ላገኘ ሰው ወሮታውን እከፍላለሁ በይልኝ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንደምጽፈው እያሰብኩ ጣቴ ዝሏል። የደወለውን ቁጥር አላወቅኩትም። ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው መስሎኝ አነሳሁት።

«ጌታ ይባርክሽ ልጄ» አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

ከአምስት ዓመት በኋላም ድምፁን ለየሁት። «አሜን አባባ። ደህና ነዎት?» አልኩ።

«ደህና ነኝ። እናትየው ልታይሽ ትፈልጋለች። ትምጣልኝ ብላለች።»

የትኛዋ እናት ብዬ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ለምን እንደፈለገችኝ ብቻ ነው።

«እሱን ለእኔ አልነገረችኝም። ትምጣ ነው ያለችው» አሉና ዘጉት።

የቤት ካርታው ባለቤት «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። በዚህ ከተማ ፊቴ ትንሽ ጠቆር ካለ መጀመሪያ የምጠየቀው ይህንን ነው። አይ፣ ማንም አልሞተም አልኩት። ማስታወቂያውን ጨርሼ ለጠፍኩለትና ሱቁን በቁልፍ ዘግቼ ወጣሁ።

ጅማ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። «ፔጇ» ነው የምባለው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳልፍ «ፔጇ፣ ዛሬ ማን አለፈ?» ይሉኛል። ድሮ እስቅ ነበር። አሁን እጄን አንስቼላቸው አልፋለሁ፤ መልስ መስጠትም ጉልበት ይጠይቃል። የከተማው የመጀመሪያው ፔጅ የእኔ ነው፤ ይህንን የሚክደኝ የለም። ፔጁን የከፈትኩት ወጣት ሆኜ ነው፤ ዛሬ በመነጽርም ለማንበብ ስልኩን ራቅ አድርጌ እይዛለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመትና ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ እንቅልፌን የሚቀንሰው አንድ ነገር ነው። የዚያችን የሸቤ ሴት ለቅሶ አልደረስኩም። የጎረቤት ለቅሶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል እያየሁ ነው ያደግኩት፤ እኔ የቀረሁት ደግሞ በገዛ እጄ ያስጀመርኩትን ለቅሶ ነው።

ነገሩ ከደዶ ይጀምራል። አባቴ አንዲት ታላቅ እህት ነበረችው፤ ደዶ ነበር የምትኖረው። ስትሞት መልእክቱ ለአንድ የሚኒባስ ሾፌር ተነገረ፤ ሾፌሩ ጅማ ገብቶ ጎማ ሲያስጠግን፣ ምሳ ሲበላ፣ ሰው ሲያወራ ቆይቶ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ትዝ ሲለው ቤታችን መጣ። እኛ ጋ ጀናዛ አያድርም። የሞተ ሰው በዚያው ቀን፣ ባስቸኳይ፣ ከአፈር ጋር ይገናኛል፤ ክብሩ እሱ ነው። ደዶ ስንደርስ ሰዎቹ ከቀብር ተመልሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። አባቴ ማንንም አልተቆጣም። መቃብሩ ጎን ተቀምጦ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ አልተነሳም፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እህቱ ሲነሳ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አፈሩ ላይ ደረስኩ።»

እንግዲህ ቶሎ መናገርን እንደ ትልቅ ደግነት የያዝኩት ከዚህ ነው። ማንም ሰው እንደ አባቴ አፈር ላይ መድረስ የለበትም ብዬ አመንኩ። አሁንም አምናለሁ።

ከኮሌጅ ስወጣ ከፈረንጅ አራዳ ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ፣ ሦስት ኮምፒውተር ይዤ ኢንተርኔት ቤት ከፈትኩ። ከመላው አገር የመጡ ተማሪዎች ወረፋ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ነጋዴው ደግሞ አካውንት ክፈችልኝ ብሎ ይመጣል። እከፍትለታለሁ፤ ስሙን እጽፋለሁ፤ ፎቶውን ከፎቶ ቤቱ አምጥቼ አስገባለሁ፤ ፓስወርዱንም የምመርጥለት እኔ ነኝ። ይረሱታል ብዬ ሁሉንም በአንድ ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያስደነግጠኛል፤ የጅማ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ቁልፍ በአንድ ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ውስጥ፣ ከስኳር ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ነበር። አንድ የጀንፈል ቡና ነጋዴ በየሳምንቱ እየመጣ «ምን ነበር ያልነው?» ይለኝ ነበር። የበቅሎውን ስም ነበር ያልነው። በቅሎዋ ከሞተች በኋላ ስሟን ስነግረው ትካዜ ስለሚይዘው ቀየርኩለት።

ፔጁን የከፈትኩት ለእነዚህ ሰዎች ነው። አካውንት ከፍተው የሚያነቡት አጡ። ስለዚህ የጠፋ ቁልፍ፣ የተገኘ መታወቂያ፣ የሚከራይ ቤት፣ የጀንፈል የቀን ዋጋ፣ የሠርግ ጥሪ መለጠፍ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ከአጋሮም፣ ከሸቤም፣ ከደዶም ሰው መጣ። ሰው ሥራ አለው የሚባለው ቢሮ ሲገባ ነው፤ እኔን ግን ያኔ «ይህቺ ልጅ ሙሉ ቀን ኮምፒውተር ላይ ምን ትሠራለች?» ነበር የሚሉኝ። እናቴ ለሚጠይቋት ሁሉ «ትጽፋለች» ትል ነበር። ምን እንደምጽፍ ግን አታውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ የብዙ ሰው አስተማሪ የነበሩ አንድ ሼህ አረፉ። ልጃቸው እየሮጠ ሱቄ ገባ። «ከዙህር በኋላ ነው፣ ማሎ፣ እባክሽ ለጥፊልኝ» አለኝ። ለጠፍኩ። ሰዓቱ ሲደርስ መስጊዱ ሞልቶ ሰው እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፎ ነበር፤ ከሸቤ በጭነት መኪና የመጡ ነበሩበት። ከሶላት በኋላ ሰዎች የአባቴን እጅ እየጨበጡ «የልጅህ ፔጅ ባይኖር አንደርስም ነበር» አሉት። አባቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ፊት ለፊቴ ቆመ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ይውደድሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የማንም ሞት ሱቄን ሳይረግጥ አልፎ አያውቅም። ከተማዋ ሞቷን እኔ ጋ ታመጣለች፤ እኔም ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ እለጥፋለሁ። ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋ ጊዜ እንኳ ሰው መምጣቱን አልተወም፤ በሱቁ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅዬ በጠመኔ እጽፍ ነበር።

ማስታወቂያ የሚያስነግረው በዛ። የባለ ሦስት እግር ወንበር ጠራቢው፣ የማር ነጋዴው፣ የሠርግ መኪና አከራዩ ሁሉ እኔ ጋ ነበር። ስብሰባ ይጠሩኝ ጀመር፤ «የማኅበራዊ ሚዲያ ፈር ቀዳጅ» ብለው መድረክ ላይ ያቆሙኝና ውኃ በፕላስቲክ ይሰጡኛል። አልዋሽም፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ለሠራው ነገር ስም ሲሰጡለት ደስ ይለዋል።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። ረፋድ ላይ፣ በሸቤ መንገድ አንድ ሚኒባስ ተገልብጧል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ቦታው ላይ የነበረ አንድ ሰው በአደጋው የሞተ የአንድ ተማሪ መታወቂያ ፎቶ ላከልኝ። «ቶሎ ለጥፊው እህቴ፣ ቤተሰቡ ይወቅ» ይላል። ልጁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ገጹን ፈልጌ አገኘሁት፤ ፎቶ ቤት ቆሞ የተነሳውን፣ ከኋላው ፏፏቴ የተሳለበትን፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይበትን ፎቶ ወሰድኩ። ስሙን ጻፍኩ፤ የሚማርበትን ጻፍኩ። ከሥሩ ሁልጊዜ እንደማደርገው «ለቤተሰቦቹ መጽናናትን እንመኛለን» ብዬ ጨመርኩበት። ቤተሰቦቹ ሰምተው ይሁን አይሁን አላሰብኩም። ቶሎ መሆኔን ብቻ ነበር የማስበው።

ሰው መጻፍ ጀመረ። ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከሐዋሳ፣ ከሐረር፤ አብረውት የተማሩ፣ አብረውት የዘመሩ፣ አንድ ዶርም ያደሩ። እኔ ምሳዬን እየበላሁ ወደ ታች እያወረድኩ አነብ ነበር። ማንበብ ማለት ይከብዳል፤ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነበር። ስምንት መቶ ሲያልፍ በፔጁ ታሪክ እንዲህ ያለ እንደሌለ አሰብኩ፤ አሰብኩ ብቻ ሳይሆን ደስ አለኝ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ሽማግሌው ሱቄ መጡ። ኮታቸው እርጥብ ነበር፤ ከሸቤ በጠዋቱ መኪና ነው የመጡት። ተቀመጡ ስላቸው አልተቀመጡም።

«ያንን ልጅ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ፤ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«እኛ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ከኮሌጁ ሲደወልልን እናትየው ሥራ ላይ ነበረች፤ ቡና ለቀማ ነው የምትሠራው፣ መጋዘን። በነጋታው ንጋት ላይ ልናረዳት ተስማማን። እህቷ ከዳውሮ እንድትመጣ ሰው ላክን፤ እሷ ሳትደርስ ማርዳት የለብንም አልን። ሲነገራት ማን በቀኝ፣ ማን በግራ እንደሚይዛት መረጥን። ልብ ድካም አለባት፣ ውኃ የምትይዘውንም ሴት መረጥን። የመጋዘኑን ኃላፊ እንዳታሳውቅ ብለን ለምነነው ነበር፤ እሱም እሺ ብሎ እንባውን እየዋጠ እንደወትሮው ሲያሠራት ዋለ። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ የምትለቅመው ልጅ ስልኳን ከፈተች።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገሩኝ። የልጁን ስም ያነበበችው ያቺ ልጅ ነች፤ እናቱ አጠገቧ መሆኗን የረሳችው ፎቶውን አይታ ስትደነግጥ ነው። ሴትዮዋ የወደቀችው በተለቀመው ቡና ላይ ነው። በቀኝና በግራ እንዲይዟት የተመረጡት ሰዎች ቤታቸው ነበሩ።

«እኛ ጋ ሞት ይቆያል ልጄ» አሉኝ። «ሰው እስኪሰበሰብ ይቆያል።»

እኛ ጋ ደግሞ አይቆይም ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስለ አክስቴ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ሾፌሩ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ግን ይህ ሁሉ ለእሳቸው ምናቸውም አይደለም። ይቅርታ አልኳቸው። «ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው» አሉና እርጥብ ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ።

እሳቸው እንደወጡ ፖስቱን አጠፋሁት። ስልኩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ፎቶውም፣ ስሙም፣ ከሥሩ የተጻፈውም ሁሉ አንድ ላይ ሄደ። ሲጠፋ ከላዬ ሸክም የወረደ መስሎኝ ተነፈስኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣሁ። «ሁሉም ተረድተዋል» ብሎ ከቤተሰብ አንድ ሰው በአፉ ሳይነግረኝ የማንንም ሞት አልለጥፍም። የሙስሊምም ቢሆን፣ የክርስቲያንም ቢሆን፣ ሰው ቢቆጣም። ተቆጡም። በዚህ መሀል አዳዲስ ፔጆች መጡ፤ ቪዲዮ የሚያነሱ፣ አደጋው ቦታ ላይ ቆመው በቀጥታ የሚያስተላልፉ። እኔ ስደውል፣ ስጠይቅ፣ ስጠብቅ እነሱ ጨርሰውታል። «ፔጇ ሰው ሞቶ አርባው ሲወጣ ነው የምትለጥፈው» የሚል ቀልድ ወጣልኝ። ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ፈጣኖቹ ሄዱ። መጀመሪያ ማር ነጋዴው፣ ከዚያ መኪና አከራዩ፤ ወንበር ጠራቢው ይሉኝታ ይዞት ትንሽ ቆየ። አሁን የቀረኝ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና የጠፋ የቤት ካርታ ነው። አልጸጸትበትም፤ ደክሞኛል ግን።

ለቅሶውን ለመድረስ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንደኛው ጊዜ መናኸሪያ ደርሼ ተመለስኩ። ሁለተኛው ጊዜ ስኳር ገዝቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ቁጭ ብዬ ነበር። ሞልቶ ሊነሳ ሲል «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ስኳሩን ቤት ይዤው ገባሁ። ያ ስኳር ቤታችን ተጠጣ፤ እናቴ በየጠዋቱ ሻይ ውስጥ ስትጨምረው እያየሁ ዝም አልኩ።

እንግዲህ የሽማግሌው ስልክ በተደወለ ቀን ጅሬን ኮረብታ ወጥቼ ለአባቴ ነገርኩት። አሁን አርጅቷል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወደ ከተማው ቁልቁል ያያል።

«ልትሰድበኝ ነው» አልኩት።

«ትስደብሽ» አለኝ። «አምስት ዓመት ሙሉ የሚሰድባት ሰው አጥታ ተቀምጣለች።» ከዚያ በኦሮምኛ «ዴሚ» አለኝ፤ «ነገ በጠዋት ሂጂ። ሳትወርጂ።» ስለ ስኳሩ ለካ ያውቅ ነበር።

ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ትንሽ እንደሄድን አወቀችኝ። «ፔጇ አይደለሽም? የእህቴ ልጅ መታወቂያ ጠፍቶበት…» ብላ ጀመረች። ስሙን በእጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሰለቸኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን የማስበው ነገር ስለሰጠችኝ አመሰገንኳት። የምለውን በልቤ ሳጠና ነበር የሄድኩት። አላወቅኩም ነበር ልል ነው። ቶሎ መሆን ጥሩ ይመስለኝ ነበር ልል ነው። የአክስቴን ነገር ላንሳ አላንሳ እያልኩ ሸቤ ደረስን።

ሽማግሌው መናኸሪያ ጠበቁኝ። መንገዱን ብዙ አላወሩኝም። ቤቷ ከቡና እርሻ ጥግ ያለች የጭቃ ቤት ናት፤ ግቢው ተጠርጓል፣ በእንጨት ቆጥ ላይ ቡና ሊደርቅ ተሰጥቷል። እሷ በር ላይ ቆማ ነበር። ከጠበቅኳት በላይ አጭር ናት። አንገቴን ደፍቼ ይዤ የመጣሁትን ስኳር በሁለት እጄ ሰጠኋት።

«አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥዎት» አልኩ። ሌላው ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ዘገየሽ» አለችኝ።

«አዎ፤ ዘገየሁ።»

«ግቢ። ተቀመጪ።»

ወንበር ሰጠችኝ። ግድግዳው ላይ ያ ፏፏቴ የተሳለበት ፎቶ ተሰቅሏል። ሽማግሌው በር አጠገብ ተቀመጡ። እሷ ከቀሚሷ ኪስ ስልክ አወጣች፤ አዲስ ነው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል።

«ይህንን የገዛሁት ለአንድ ነገር ነው» አለችኝ። «ያን ቀን እኔ የሰማሁት ስሙን ብቻ ነው። ከዚያ ወደቅኩ። በኋላ ድንኳን ውስጥ ጓደኞቹ ሲያወሩ፣ ከሥሩ ብዙ ሰው ስለ እሱ ጽፏል አሉኝ። ከሩቅ አገር ሁሉ። እናንብብልሽ ሲሉኝ ያኔ አልፈልግም አልኩ፤ አልቻልኩም ነበር። አሁን ግን እችላለሁ። ማንበብም ቤተ ክርስቲያን ተምሬአለሁ፣ ቀስ እያልኩ ነው እንጂ። ሰው ሁሉ ፈልጎ አጣው። እሷ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው የጠራሁሽ።»

ስልኩን ዘረጋችልኝ። እንድከፍትላት።

ስድብ ጠብቄ ነበር። እርግማንም ጠብቄ ነበር፤ አባቴ እንዳለው ለመሰደብ ነው የሄድኩት። ስልኩን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«የለም» አልኩ። «አጠፋሁት። አባባ ሱቄ የመጡ ቀን፣ እንደወጡ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ለምን?»

«ለእርስዎ ብዬ» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ውሸት እንደሆነ ታወቀኝ። «አይደለም። አፍሬ ነው። ሰው እንዳያየው ለራሴ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ውጭ ቆጡ ላይ ዶሮ ወጥታ ቡናውን ስትጭር ይሰማል፤ የሚያባርራት ሰው አልነበረም።

«ስንት ነበሩ?» አለችኝ።

«ስምንት መቶ አርባ ሁለት» አልኩ። ሳላስብ፣ ወዲያው። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም ነበር።

«ስምንት መቶ አርባ ሁለት» አለች ቀስ ብላ። «ምን አሉ?»

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቁጥሩን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፤ ያሉትን ግን አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ያን ምሳ ሰዓት፣ ጣቴ ወደ ታች ሲያወርድ ያየውን ሁሉ ለመያዝ ሞከርኩ። ነፍሱን ይማር የሚለው፣ በጣም ያሳዝናል የሚለው፣ እንባና ሻማ ብቻ ያለበት ሁሉ አንድ ሆኖ ይመጣብኛል። ብዙ ቆየሁ። እሷም ጠበቀችኝ።

«አንድ የደሴ ልጅ ነበር» አልኩ በመጨረሻ። «በፈተና ቀን ዶርሙን ሁሉ የሚቀሰቅሰው እሱ ነበር ብሎ ነበር። ጆግ በማንኪያ እየመታ።»

«ቤትም እንደዚያ ነበር» አለች። «ቀጥይ።»

«አንዷ ደግሞ…» አልኩና ቆምኩ። መጥቶልኝ ነበር፤ ልንገራት አልንገራት ብዬ አመነታሁ። ቀልድ ነበር፤ ለእናት የሚነገር አይመስልም። ግን ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ይህንኑ ነው፤ እሱንም ደብቄ ልወጣ አልቻልኩም። «አንዷ ልጅ፣ የእናቱን ቆሎ ያልበላ የዶርም ልጅ የለም ብላ ጽፋ ነበር። ከሸቤ በመጣ ቁጥር በላስቲክ ይዞ ለሁሉ ያድላል አለች። ግን… ጨው ይበዛበታል፣ እሱን ስንለው ይናደድብናል አለች።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። እያለቀሰች መስሎኝ ከወንበሩ ልነሳ ስል ትከሻዋ ሲነቀነቅ አየሁ። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም አብሮ ይወርዳል።

«ይናደዳል?» አለችኝ። «ለእኔ እኮ ሁልጊዜ ጨው አበዛሽ፣ ጨው አበዛሽ ነበር የሚለኝ!»

«እነሱ ላይ ነው የሚናደደው።»

«በእኔ ቆሎ?»

«በእርስዎ ቆሎ።»

«ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት። ጨርሼ፣ ከፈለጉ ፔጁ ላይ ልጠይቅ፣ ያን ቀን የጻፋችሁ እንደገና ጻፉላት ልበላቸው፣ ብዙዎቹ ይመጣሉ አልኳት። ወዲያው ማድረግ እንደምችል ለማሳየት እጄ ስልኬን ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። እጄን ይዛ አወጣችው።

«እሱ ይደርሳል» አለችኝ። «መጀመሪያ አንቺ የያዝሽውን።»

ከዚያ በር ላይ ወጥታ ጎረቤቶቿን በየስማቸው ተጣራች። ኑ፣ የልጄን ነገር የያዘች ሰው መጥታለች አለቻቸው። አንዷ እጇን እየጠረገች መጣች፤ አንዷ ልጅ አዝላ፤ ሌላ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ግቢውን ቀስ ብለው ያቋርጡ ነበር። እሷ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ዳር ላይ የቀሩት ሁለት ሴቶች የሚቀመጡበት አጥተው ነበር፤ ሽማግሌው ተነስተው አግዳሚ ወንበር አመጡላቸው። እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ ጀምሪ ማለቷ ነው።

ባለ ምርኩዙ ገና በር ላይ ናቸው። ሁሉም ገብቶ እስኪቀመጥ ጠበቅኩ።